ሚኒቫን ወይስ ትልቅ ኤስዩቪ? በአሜሪካ የሚኖሩ ባለብዙ ልጅ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጅ ላላቸው፣ ከአገር ቤት አያት ለሚመጣላቸው፣ እሑድ እሑድ የጎረቤት ልጅ ጭምር ጭነው ለሚሄዱ ቤተሰቦች ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ይሁኑ እንጂ ስለ መኪናዎቹ የተባለው ለሲያትልም ለዳላስም ይሠራል። መለኪያው መኪናዎቹ በሚሸጡበት አገር ልክ በማይል፣ በጋሎን፣ በኢንችና በኪዩቢክ ጫማ ነው።

ትልቅ ኤስዩቪ የሚባለው የትኛው ነው? ሃይላንደር ይቆጠራል?

አይቆጠርም። ግራ መጋባቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ሦስት ረድፍ ወንበር ያላቸው ኤስዩቪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ቶዮታ ሃይላንደር፣ ሆንዳ ፓይለት፣ ኪያ ቴሉራይድና ሀዩንዳይ ፓሊሴድ መካከለኞች ናቸው፤ አሠራራቸው የቤት አውቶሞቢል ነው፣ ከፍ ብለው ቆሙ እንጂ። ትልቅ የሚባሉት ሸቭሮሌት ታሆና ሰበርባን፣ ጂኤምሲ ዩኮን፣ ፎርድ ኤክስፔዲሽን፣ ቶዮታ ሴኮያ፣ ኒሳን አርማዳና ጂፕ ዋጎኒር ናቸው። እነዚህ እንደ ፒክአፕ በተለየ ሻንሲ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ሚኒቫን ስንል ደግሞ በአሜሪካ ገበያ በብዛት የሚገኙትን አራቱን፣ ቶዮታ ሲየናን፣ ሆንዳ ኦዲሲን፣ ኪያ ካርኒቫልንና ክራይስለር ፓሲፊካን ማለታችን ነው።

የመካከለኞቹ ሦስተኛ ረድፍ አልፎ አልፎ ለሚሳፈር ሰው እንጂ በየቀኑ ለሚቀመጥበት ልጅ አልተሠራም። ልጆቹ ሁለት ከሆኑ ጥሩ መኪናዎች ናቸው። አራት ልጅ ይዞ ሃይላንደር የገዛ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ዕዳው ሳያልቅ ለመቀየር ይገደዳል፤ ያኔ ደግሞ ከመኪናው ዋጋ ይልቅ ቀሪው ዕዳ በልጦ ይገኛል። ግራንድ ሃይላንደር ከወንድሙ በጣም ይሻላል፤ ሆኖም ሚኒቫንን አይተካም።

ኤስዩቪው ከውጭ ሲያዩት ግዙፍ ነው። እንዴት ሚኒቫኑ የበለጠ ይጭናል ይባላል?

ነገሩ ያለው ከወለሉ ሥር ነው። ትልቅ ኤስዩቪ ከታች ረጃጅም የብረት ሻንሲ፣ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርስ ዘንግና ዲፈረንሺያል ስላለው ወለሉ ከእነዚህ ሁሉ በላይ ነው የሚሠራው። ወለሉ ከፍ ሲል በወንበርና በጣሪያ መካከል ያለው ቦታ ይጠባል፣ ሦስተኛ ረድፍ የተቀመጠውም ሰው ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ይጓዛል። ሚኒቫን በፊት ጎማ የሚጎተት ስለሆነ ከኋላ ወለሉን ዝቅ አድርጎ ጥልቅ ጉድጓድ ማውጣት ይቻላል። ሦስተኛው ረድፍ የሚታጠፈው ወደዚያ ጉድጓድ ነው፤ ወንበሩ ሲቆም ጉድጓዱ የሻንጣና የአስቤዛ ቦታ ይሆናል።

ሦስቱም ረድፎች ሰው ይዘው ከኋላ የሚቀረው ቦታ ሲነጻጸር፣ ሃይላንደር 16 ኪዩቢክ ጫማ፣ ግራንድ ሃይላንደር 20.6፣ ታሆ 25.5፣ ሲየና 33.5፣ ካርኒቫል 40.2፣ ሰበርባን 41.5 ነው። ኦዲሲና ፓሲፊካ ከሲየና ጎን የሚቆሙ ናቸው። የሚያስገርመው ሴኮያ ነው፤ ከ2023 ጀምሮ የሚሠራው ሴኮያ ሦስተኛው ረድፍ ወደኋላ ከተገፋ የሚተርፈው 11.5 ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የሃይብሪዱ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሞተር) ባትሪና የኋላው አክስል ከሥሩ ቦታውን ወስደውታል። ከኤስዩቪዎቹ ሚኒቫንን በጭነት የሚስተካከሉት ረጃጅሞቹ፣ ማለትም ሰበርባን፣ ዩኮን ኤክስኤልና ኤክስፔዲሽን ማክስ ናቸው። ዋጋቸውም ርዝመታቸውም ሌላ ነገር ነው።

ደለስ ኤርፖርት ሰው ስንቀበል ስንት ሻንጣ ይገባል?

አየር መንገዶች የሚፈቅዱት ትልቁ ሻንጣ ርዝመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ ተደምሮ 62 ኢንች (158 ሳንቲ ሜትር) ነው። 30 በ20 በ12 ኢንች የሆነ ሻንጣ 4.2 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ይይዛል። በስሌት 33 ኪዩቢክ ጫማ ለስምንት ሻንጣ የሚበቃ ይመስላል፤ በተግባር ግን ሻንጣ እንደ ውኃ ጥጋጥጉን አይሞላም። ወንበሮቹ ሁሉ ሰው ይዘው ከሲየና ኋላ አምስት ወይም ስድስት ሻንጣ አቁመው ይጠብቁ፤ ከታሆ ኋላ አራት፣ ያውም ሁለቱ ከላይ ተነባብረው። ሲነባበሩ የኋላ መስታወትን ይሸፍናሉ፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሰው ራስ ይመጣሉ። ስለዚህ ከወንበሩ ጀርባ ከፍ ብሎ የሚጫን ነገር ሁሉ መታሰር አለበት።

ሦስተኛው ረድፍ 60 በ40 ተከፍሎ የሚታጠፍ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ስድስት ሰው ስምንት ሻንጣ ይዞ ከመጣ ጠባቡን ክፍል አጥፈው ሻንጣ ይጭኑበታል፣ በሰፊው በኩል ሁለት ሰው ይቀመጣል። ይህ በሁሉም ሚኒቫኖች ይሠራል፤ ስትዘጋጁ አንድ ጊዜ ቤት ሞክሩት፣ የኤርፖርት ፖሊስ ቆሞ ሂዱ እያለ ወንበር ማጠፍ መማር አይመችም።

ሦስት ልጆች በካር ሲት ላይ ናቸው። የትኛው መኪና ይሻላል?

ለዚህ ጥያቄ ሚኒቫን ያለ ክርክር ያሸንፋል። ምክንያቱ ግን የቦታ ስፋት ብቻ አይደለም።

ሁለት ነጠላ ወንበሮች በሁለተኛው ረድፍ ባሉበት መኪና፣ በመካከላቸው ባለው መተላለፊያ ትልቁ ልጅ ራሱ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ይሄዳል። በብዙ ኤስዩቪዎች ሦስተኛ ረድፍ ለመድረስ የሁለተኛው ወንበር መታጠፍና መዘንበል አለበት፤ ካር ሲት ከታሰረበት ደግሞ ወይ አይታጠፍም ወይ መፍታት ይጠይቃል። የካርኒቫልና የኦዲሲ ሁለተኛ ረድፍ ግን ካር ሲት እንደታሰረበት ወደፊት የሚንሸራተትበት አሠራር አለው፤ የልጅ ካር ሲት ፊቱን ወደኋላ ያደረገ ከሆነ ግን ይህ ላይሠራ ይችላል። ኦዲሲ ደግሞ ሁለቱን የሁለተኛ ረድፍ ወንበሮች ወደ ጎን አንሸራትቶ ማጠጋጋት ወይም ማራራቅ ያስችላል፤ የሚጣሉ ሁለት ልጆችን ለመለየት ይህን የመሰለ ፈጠራ የለም። ባለስምንት ወንበሩ ሲየና መካከለኛው መቀመጫ ጠባብ ስለሆነ ሦስት ካር ሲት ጎን ለጎን ለማሰር አይመችም፤ ሁለቱን በሁለተኛው፣ አንዱን በሦስተኛው ረድፍ ማድረግ ይቀላል።

ተንሸራታቹ በር የሚያመጣውን ለውጥ ያልሞከረው ሰው አይገምተውም። በጠባብ የገበያ አዳራሽ ማቆሚያ ላይ አጠገባችሁ መኪና ቢጠጋም ሕፃኑን ከነካር ሲቱ ታስገባላችሁ። የአምስት ዓመት ልጅ የታሆን ከባድ በር ወርውሮ ከፍቶ የሰው መኪና መግጨቱም ይቀራል።

ስለ ማሰሪያው፦ ከ2002 መጨረሻ ወዲህ የተሠሩ መኪናዎች በወንበሩ ሥር ላች የሚባለው የብረት ማያያዣ አላቸው። በላች መያያዝ የሚፈቀደው የልጁና የካር ሲቱ ክብደት ተደምሮ እስከ 65 ፓውንድ ነው። ካር ሲቱ 25 ፓውንድ ከመዘነ ልጁ 40 ፓውንድ ሲሞላ ወደ መኪናው ቀበቶ መሸጋገር አለባችሁ። ትክክለኛውን ገደብ የካር ሲቱ መለያ ወረቀት ይነግራችኋል። ላቹንና ቀበቶውን አንድ ላይ መጠቀም ደህንነትን አይጨምርም፤ አምራቹ ካልፈቀደ አይደረግም። ፊቱን ወደፊት ያዞረ ካር ሲት ከላይ ያለው ማሰሪያ ሁልጊዜ መያያዝ አለበት፤ በብዛት የሚረሳውም እሱ ነው። ከታሰረ በኋላ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ስትነቀንቁት ከአንድ ኢንች በላይ መንቀሳቀስ የለበትም።

ሕጉም ይታወስ፤ በሜሪላንድ ከስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ካልደረሰ ካር ሲት ወይም ቡስተር (ቀበቶው በልኩ እንዲያልፍ ልጁን ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ) ያስፈልገዋል። በቨርጂኒያና በዲሲም እስከ ስምንተኛ ዓመቱ ድረስ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሕፃን እስከ ሁለት ዓመቱ ፊቱን ወደኋላ እንዲያደርግ ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም የካር ሲቱ አምራች በሚያወጣው ገደብ ላይ የተመሠረተ ልዩ ሁኔታ አላቸው።

ለእናቴ መውጣትና መውረድ?

ሚኒቫን። ወለሉ ዝቅ ያለ፣ በሩ ሰፊ፣ መያዣው ቅርብ ነው፤ ረጅም ቀሚስ የለበሰ ሰው በአንድ እርምጃ ይገባል። በትልቅ ኤስዩቪ መረገጫ ቢኖርም እግር አንስቶ መውጣት ግዴታ ነው፣ በክረምት ደግሞ መረገጫው በበረዶ ይንሸራተታል። ጉልበት ላመመው ሰው ጋቢና ሳይሆን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ካለው ነጠላ ወንበር የተሻለ ቦታ የለም።

በረዶ ላይ ኤስዩቪ አይሻልም?

በረዶ ላይ መኪናን የሚያስነሳው አራት ጎማ መጎተቱ ነው፤ የሚያቆመው ግን ጎማው ራሱ ነው። ብዙ ሰው የሚያጋጨው ደግሞ አለመነሳቱ ሳይሆን አለመቆሙ ነው። 5,800 ፓውንድ የሚመዝን ሰበርባን የበጋ ጎማ አድርጎ በበረዶ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ፣ የክረምት ጎማ ካደረገ በፊት ጎማ ከሚጎተት ኦዲሲ የባሰ ይንሸራተታል።

ከሚኒቫኖቹ ሲየናና ፓሲፊካ በአራቱም ጎማ የሚጎተት ምርጫ አላቸው፤ ኦዲሲና ካርኒቫል የላቸውም። የሲየናው ከኋላ ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው ነው፤ ከፊት ወደኋላ የሚሄድ ዘንግ የለውም፣ ስለዚህ ወለሉ አልተነካም፣ በአንድ ጋሎን የሚሄደውም በአንድ ማይል ገደማ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ለዲሲ አካባቢ ይህ ይበቃል። ሚኒያፖሊስ ወይም ዴንቨር ከሆናችሁና ያልተጠረገ መንገድ ላይ የምትኖሩ ከሆነ የመሬት ከፍታው ዋጋ አለው፤ ሲየና ከመሬት ከ6 ኢንች ትንሽ ይበልጣል፣ ታሆ 8 ኢንች ገደማ ነው።

በአደጋ ጊዜ ትልቁ መኪና አይሻልም? ክብደቱ ያድናል ይባላል።

ከትንሽ አውቶሞቢል ጋር ሲነጻጸር እውነት ነው። ነገር ግን ሲየና ራሱ 4,600 ፓውንድ ገደማ ስለሚመዝን ቀላል መኪና አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ክብደት ለውስጡ ሰው የሚያስገኘው ጥቅም እያነሰ፣ ለሌላው መንገደኛ የሚያመጣው ጉዳት እየጨመረ ነው የሚሄደው። ከፍ ያለ መኪና በድንገት መሪ ሲጠመዘዝ የመገልበጥ ዕድሉም ይበልጣል፤ የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን ለመገልበጥ ለብቻው ኮከብ ስለሚሰጥ አጠቃላዩን ብቻ ሳይሆን ያንን ለይታችሁ እዩ።

ሚኒቫንም እንከን የለሽ አይደለም። አይ አይ ኤች ኤስ የተባለው የመድን ድርጅቶች የሙከራ ተቋም በ2023 አራቱንም ሚኒቫኖች ከፊት በሚደርስ ግጭት ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ደህንነት ፈትኖ አንዱም ጥሩ ወይም ተቀባይነት ያለው ውጤት አላገኘም። ሦስቱ ከዚያ በታች ያለውን፣ ኦዲሲ ደግሞ የመጨረሻውን ደረጃ አገኙ። ሙከራው ላይ የተቀመጠችው አሻንጉሊት የትንሽ ሴት ወይም የ12 ዓመት ልጅ መጠን ያላት፣ በመኪናው ቀበቶ ብቻ የታሰረች ናት። በካር ሲት ያለ ሕፃንን አይመለከትም፤ ቡስተር የተወ ልጅንና አያትን ግን በቀጥታ ይመለከታል። አምራቾቹ ከዚያ ወዲህ ቀበቶዎቹን እያሻሻሉ ስለሆነ የምትገዙትን መኪና በስሙ ብቻ ሳይሆን በተሠራበት ዓመት ፈልጉ።

ከግጭቱ ይልቅ ብዙ ቤተሰብ የማያስበው የገዛ ግቢን ነው። የትልቅ ኤስዩቪ ኮፈን ረጅም ስለሆነ ከፊት ለፊቱ የቆመ የሦስት ዓመት ልጅ ከመሪው አይታይም። የኋላ ካሜራ ከግንቦት 2018 ወዲህ በአሜሪካ በአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ነው፤ የፊት ካሜራ ግን ግዴታ አይደለም። ኤስዩቪ ከመረጣችሁ ዙሪያውን የሚያሳይ ካሜራ ያለውን ደረጃ ግዙ፤ ከሌላው ጌጥ ሁሉ ይቀድማል።

በዓመት የሚያስወጣው ልዩነት ስንት ነው?

በዓመት 15,000 ማይል ለሚነዳ ቤተሰብ፣ ቤንዚን በጋሎን 3.50 ዶላር ብለን እናስላ። በጋሎን 36 ማይል የሚሄደው ሲየና ሃይብሪድ 417 ጋሎን ይፈጃል፣ 1,460 ዶላር ገደማ። 22 ማይል የሚሄደው ኦዲሲ 682 ጋሎን፣ 2,390 ዶላር ገደማ። 17 ማይል የሚሄደው ባለ 5.3 ሊትሩ ታሆ 882 ጋሎን፣ 3,090 ዶላር ገደማ። ሲየናና ታሆ መካከል ያለው ልዩነት በአምስት ዓመት ከ8,000 ዶላር ይበልጣል። ካርኒቫል ሃይብሪድ (33 ማይል) ወደ ሲየና የተጠጋ ነው። ባለ 6.2 ሊትሩ ታሆና ሰበርባን ፕሪሚየም ቤንዚን እንዲቀዳላቸው ስለሚመከር ሒሳቡ ከዚህም ይከፋል።

ሌላው ወጪ ጎማ ነው። የትልቅ ኤስዩቪ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 22 ኢንች ነው፤ ሪሙ በሰፋ ቁጥር ጎማው ይወደዳል፣ ጉድጓድ ላይ ሲወድቅም ሪሙ ቶሎ ይጣመማል። በቨርጂኒያ በየዓመቱ የሚከፈለው የንብረት ግብር በመኪናው ዋጋ ላይ ስለሚሰላ 75,000 ዶላር የሚያወጣ ሰበርባን ከ42,000 ዶላር ሚኒቫን ብዙ ይበልጣል። ዲሲ ደግሞ ታርጋውን በክብደት ያስከፍላል፤ ከ6,000 ፓውንድ በላይ የሆነው የመጨረሻውን ከፍተኛ ዋጋ ይከፍላል፣ አንዳንዶቹ ሰበርባኖችና ኤክስፔዲሽኖች እዚያ መስመር ላይ ናቸው።

በትርፍ ሰዓት ኡበር እሠራበታለሁ። ይህ ምርጫውን ይቀይራል?

ይቀይራል፤ ግን ብዙ ሰው በሚያስበው አቅጣጫ አይደለም። ለኡበር ኤክስኤል የሚፈለገው ስድስት መንገደኛ የሚይዝ መኪና ስለሆነ ሚኒቫን ይበቃል፤ ሲየና ሃይብሪድ ደግሞ በከተማ ቆም ሄድ እያለ ሲነዳ ነዳጅ የሚቆጥብ በመሆኑ ለዚህ ሥራ የተሠራ ያህል ነው። ኡበር ብላክ ኤስዩቪ የሚባለው የቅንጦት መኪና ሥራ ግን ጥቁር ቀለም፣ የቆዳ ወንበር፣ የንግድ ኢንሹራንስና የከተማውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሚኒቫን አይገባበትም። ያንን ሥራ በሙሉ ጊዜ ካልሠራችሁት ለሰበርባን የሚከፈለውን ዕዳ አይችልም።

ማስጠንቀቂያም አለ። ተራው የቤተሰብ ኢንሹራንስ ሰው በክፍያ በሚጫንበት ጊዜ የደረሰን አደጋ አይሸፍንም። ለራይድሼር (እንደ ኡበር ላለ ሥራ) የሚሆን ተጨማሪ ሽፋን ጠይቁ፤ ከሥራው በፊት በጽሑፍ ይምጣላችሁ። ማይሉም በፍጥነት ይጨምራልና የተራዘመ ዋስትና ስትገዙ ለክፍያ ሰው መጫን ዋስትናውን ያፈርስ እንደሆነ አንብቡ።

ያገለገለ ብገዛ ምን ምን ልፈትሽ?

መጀመሪያ ባለ 17 ፊደሉን ቪን ቁጥር በፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። ያልተሠራ ሪኮል (አምራቹ ጉድለት ለመጠገን ያወጣው ጥሪ) ካለ ይነግራችኋል፤ ጥገናው በዲለር በነፃ ነው። ከዚያ ወደየመኪናው ደካማ ጎን።

ሲየና፦ ከ2011 እስከ 2016 የተሠሩት በኤሌክትሪክ የሚከፈተው ተንሸራታች በር ላይ ሪኮል አለባቸው፤ መሠራቱን አረጋግጡ። ከ2007 እስከ 2020 ያሉት ባለ ቪ6 ሞተሮች በካቴና የሚሠሩ ስለሆኑ ታይሚንግ ቺንጋ የማስቀየር ጣጣ የላቸውም። ከ2021 ወዲህ ያሉት ሁሉ ሃይብሪድ ናቸው፤ ባትሪው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው፣ አየር የሚስብበት ቀዳዳ በብስኩት ፍርፋሪና በምንጣፍ ጠጉር ይደፈናል። ሲደፈን ባትሪው ይሞቃል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። ማጣሪያውን ማጽዳት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የቶዮታ ሃይብሪድ ባትሪ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለ10 ዓመት ወይም ለ150,000 ማይል ዋስትና ስላለው ባትሪ ይሞታል የሚለው ፍርሃት ለቀጣዩ ገዢ ሳይቀር የሚያሰጋ አይደለም።

ኦዲሲ፦ ሞተሩ የሚሠራው በላስቲክ ታይሚንግ ቺንጋ ነው። 100,000 ማይል አካባቢ ከውኃ ፓምፑና ከወጣሪው ጋር አብሮ መቀየር አለበት። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀለት። 110,000 ማይል የሄደ ኦዲሲ ሻጩ ደረሰኝ ካላሳያችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩና የሥራውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ አስቀንሱ። ከ2011 እስከ 2017 ያሉት የሁለተኛው ረድፍ ወንበር በደንብ ካልተቆለፈ ወደፊት ሊዘነበል ስለሚችል በ2017 ሪኮል ወጥቶባቸዋል።

ፓሲፊካ፦ ወለል ውስጥ የሚሰወሩት የሁለተኛ ረድፍ ወንበሮች የሚያስቀኑ ናቸው፤ በመሰኪያ የሚሞላው ሃይብሪድ ግን ባትሪው ያንን ቦታ ስለወሰደው ይህ የለውም። የ2017ና የ2018 ሃይብሪዶች በእሳት ስጋት ምክንያት በ2022 ከቤት ርቀው እንዲቆሙ ባለቤቶቹ ተነግሯቸው ነበር፤ ያልተጠገነ አትግዙ።

ታሆ፣ ሰበርባንና ዩኮን፦ ባለ 5.3 ሊትሩ ቪ8 ነዳጅ ለመቆጠብ የተወሰኑ ሲሊንደሮችን ያጠፋል። ይህን የሚያደርጉት ሊፍተሮች (ቫልቮቹን የሚያነሱት ክፍሎች) ሲጣበቁ ሞተሩ ቲክ ቲክ ይላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ካምሻፍቱንም ይዞ ይበላሻል። ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱት፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ባለ 6.2 ሊትሩ ከ2021 እስከ 2024 የተሠራው ደግሞ በሚያዝያ 2025 ክራንክሻፍትና ኮኔክቲንግ ሮድ ላይ በአገሪቱ ወደ 600,000 የሚጠጉ መኪናዎችን የነካ ሪኮል ወጥቶበታል።

ኤክስፔዲሽን፦ ከ2018 እስከ 2020 ያሉት ባለ 3.5 ሊትር ቱርቦ ሞተሮች ጠዋት ሲነሱ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳ ድምፅ ካሰሙ ካም ፌዘሮቹ (ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክሉት ክፍሎች) ናቸው። ጥገናው የሞተሩን ፊት መክፈት ስለሚጠይቅ ውድ ነው።

ለሁሉም፦ ከፊትና ከኋላ ያለውን ኤሲ ለየብቻ አብሩት። ወደ ኋላ የሚሄዱት የኤሲ ቧንቧዎች ከመኪናው ሥር ስለሚያልፉ በመንገድ ጨው ይበላሉ፤ ከኋላ ካልቀዘቀዘ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የጋዙ ማነስ ብቻ ሳይሆን ቧንቧው ነው። ተንሸራታች በሮቹን በቁልፉ፣ በእጀታውና በጋቢና ባለው ቁልፍ ደጋግማችሁ ክፈቱ፤ መኪናው ቁልቁለት ላይ ሆኖ ሞክሩት፣ ደካማ ሞተር የሚጋለጠው እዚያ ነው። በሩ ግማሽ መንገድ ደርሶ ከተመለሰ መጀመሪያ የታችኛውን ሐዲድ እዩ፤ ሳንቲምና እርሳስ የተሰነቀረበት ሐዲድ ሞተሩ እንደተበላሸ ያስመስላል። ስኮርታ ጎማ መኖሩንም አረጋግጡ፤ በብዙዎቹ በቦታው ያለው የአየር መሙያና የሚያጣብቅ ፈሳሽ ብቻ ነው።

ጀልባ ወይም ተጎታች ብጎትትስ?

ሚኒቫኖች በአጠቃላይ 3,500 ፓውንድ አካባቢ ነው የሚጎትቱት፤ ካርኒቫል ሃይብሪድ 2,500። ታሆ በተገቢው ዕቃ ከ8,000 ይበልጣል፣ ሴኮያና ኤክስፔዲሽን ከ9,000 በላይ። ከባድ ነገር በወር አንድ ጊዜ የምትጎትቱ ከሆነ ጥያቄው አልቋል፣ ኤስዩቪ ግዙ። በዓመት አንድ ጊዜ ከሆነ የጭነት መኪና መከራየት ይረክሳል።

ጋራዣችን ውስጥ ይገባል?

ሰበርባን 225 ኢንች፣ ወደ 19 ጫማ ገደማ ይረዝማል። ታሆ 211፣ ሲየና 204። ብዙ የታውን ሃውስ ጋራዦች 20 ጫማ ናቸው፤ ከፊት የውኃ ማሞቂያና መደርደሪያ ሲኖር ሰበርባን በሩን አያዘጋም። በሜትር ለኩ፤ ከግድግዳው እስከ በሩ ብቻ ሳይሆን የኋላ በሩ ሲከፈት ወደላይ የሚደርስበትንም። የሕንፃ ማቆሚያዎች ከፍታቸው መግቢያው ላይ ተጽፏል፤ ሰበርባን 76 ኢንች ስለሆነ በአብዛኛው ያልፋል፣ ጣሪያው ላይ ሳጥን ከጫነ ግን አያልፍም።

ባለቤቴ ሚኒቫን አልነዳም ይላል።

የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚቃወመው በሳምንት ውስጥ ልጆቹን ትምህርት ቤት የማያደርሰው ወገን ነው። አንድ ቅዳሜና እሑድ ሚኒቫን ተከራዩና እሱ ይንዳው፤ ካር ሲቶቹን እሱ ይሰር፣ ጋሪውን እሱ ይጫን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እናቱን እሱ ያውርድ። በሚቀጥለው ሳምንት ታሆ ተከራዩና ያንኑ ድገሙ። ከዚያ በኋላም ታሆ ካለ ቢያንስ የሚከፍለውን ዐውቆ ነው።

ዲለር ጋር ስንሄድ ምን እናድርግ?

ልጆቹን፣ ካር ሲቶቹን፣ ጋሪውንና ሁለት ባዶ ሻንጣ ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉም በየቦታው ታስሮ ረጅሙ ሰው ሦስተኛ ረድፍ ላይ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ፤ መኪናውም በፍጥነት መንገድ ላይ ይነዳ፣ የኋላው ሰው ድምፃችሁን ይሰማ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የወር ክፍያ ላይ ብቻ አትደራደሩ፤ ሻጩ ዕዳውን ወደ 84 ወር ዘርግቶ ማንኛውንም መኪና ርካሽ ሊያስመስለው ይችላል። ግብርንና ክፍያን ሁሉ የያዘውን ጠቅላላ ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ወለዱን ከባንካችሁ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን ካመጣችሁት ጋር አነጻጽሩ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ልልከው እችላለሁ?

በዚህ ተስፋ አትግዙ። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፣ ከዚያ በፊትም ያረጀ መኪና ላይ ያለው የኤክሳይዝ ታክስ ከመኪናው ዋጋ ይበልጥ ነበር። መኪናውን እዚሁ ለምትጠቀሙበት ዓመታት ብቻ አስሉት፤ ስትሸጡት ደግሞ ከአሜሪካ ገዢ ዘንድ ዋጋውን ደህና አድርጎ የሚጠብቀው ሲየና ሃይብሪድ ነው።